እርጎ፣ ስልጆና ድንች፦ ለሆድ የሚስማማ ምግብ በቤት ውስጥ ማዘጋጀት

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር ምግብን ማብላላት አዲስ ትምህርት አይደለም። ሊጥ በእርሾ ይቦካል፣ ወተት በቅል ይረጋል፣ በጾም ወራት ስልጆ ይዘጋጃል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ሰዎች «እህል ሆዴን ይነፋኛል» በማለት እህል መተው ይገባ እንደሆነ ይጠይቃሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ እንዲሰጡ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

መብላላት የሚሰጠው ጥቅም

በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በምግቡ ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣሉ። ምግቡ የሚኮመጥጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ወተት ሲረጋ ሆድን የሚነፋው የወተት ስኳር ስለሚቀንስ፣ ወተት የማይስማማው ሰው ብዙ ጊዜ እርጎ ይስማማዋል። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ ደግሞ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፊቲክ አሲድ ይቀንሳል።

እህል መተው ያስፈልጋልን?

ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚጎዳቸው ሕሙማን አሉ፤ በጤፍ ውስጥ ግን ግሉተን የለም። ስለዚህ እነዚህ ሕሙማን ገብስ ወይም ስንዴ ያልተቀላቀለበት የጤፍ እንጀራ ሊበሉ ይችላሉ። ሆኖም ያለ ብርዕ እህል የሚዘጋጅ ምግብ አልፎ አልፎ መብላት ማዕዱን ያበዛል።

1. እርጎ

ጥሬ ወተት የከብት ነቀርሳንና የውርጃ በሽታን ወደ ሰው ያስተላልፋል። መኮምጠጡ ብቻ ይህን አደጋ ለማስወገድ አያስተማምንም። ስለዚህ ወተቱ አስቀድሞ መፍላት አለበት። ባለትዳሮች «የፈላ ወተት አይረጋም» ይላሉ፤ አባባላቸውም ምክንያት አለው። ፍላቱ በሽታ አምጪውን ብቻ ሳይሆን ወተቱን የሚያረጋውንም ተሕዋስ ይገድላል። መፍትሔው ጥሬ ወተት ማርጋት ሳይሆን እርሾ መጨመር ነው።

ሀ) ወተቱን እያማሰሉ ማፍላት፤ ከዚያም ጣት ሳያቃጥል ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ።
ለ) ለ1 ሊትር ወተት 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ እርጎ ጨምሮ ማዋሐድ። የመጀመሪያው እርሾ ከጥሬ ወተት እርጎ ከተወሰደ በሽታው ተመልሶ ይገባል፤ በመሆኑም በሙቀት ከታከመ ወተት የተሠራ የፋብሪካ እርጎ መግዛት ይሻላል።
ሐ) በደንብ ታጥቦ በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ከድኖ በሞቀ ሥፍራ ማሳደር።
መ) ለቀጣዩ ዙር ከላዩ ጥቂት በንጹሕ ማንኪያ ማስቀረት።

2. ስልጆ

ሱፉን ለስለስ አድርጎ መቁላት፣ መፍጨት፣ በውኃ በጥብጦ ማጥለል። በጥላዩ ላይ የባቄላ ዱቄት እየበተኑ እንደ ገንፎ ማብሰል። ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ ከድኖ ለጥቂት ቀናት ማቆየት። ሻጋታ ያበቀለ ስልጆ ይጣል።

3. ድንች

የተቀቀለ ድንች ከእርጎ ወይም በጾም ከስልጆ ጋር፣ ጎመንም ታክሎበት፣ ያለ እንጀራ አንድ ማዕድ ይሆናል። ፀሐይ መትቶት የአረንጓዴ መልክ ያወጣና ያጎነቆለ ድንች በመቀቀል የማይጠፋ መርዝ ስላለው አይበላ።

ማስጠንቀቂያ

እህልን በጓያ መተካት ፈጽሞ አይገባም። ጓያን ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያና በፎገራ የደረሰው ጉዳት ይህን አሳይቷል። መዘፍዘፍና ማብላላት መርዙን ይቀንሱታል እንጂ አያጠፉትም። ደግሞም የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ ደም የተቀላቀለበት ዓይነ ምድር ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው በምግብ ለውጥ ሳይዘናጋ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለሠራተኛው

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንድ ላይ የፈላ ወተት በሁለት ዕቃ ይከፈል፤ በአንዱ እርሾ ይጨመር፣ ሌላው እንዲሁ ይተው። በማግስቱ አባላቱ ሁለቱንም ይመልከቱ። የፈላ ወተት እንደሚረጋ በዓይኗ ያየች እናት ለልጆቿ ጥሬ ወተት ማርጋቷን ትተዋለች።