ጥድና ዝንጀሮ ፍለጋ፦ ከጅዳ ወደ ጣኢፍ የአንድ አርብ የፎቶ ጉዞ

ጅዳ ዓመታት ኖሮ ከኮርኒሽና ከበለድ ሌላ ያላየ ሐበሻ ብዙ ነው። በሳምንት የምትገኘውን አንዲት አርብ ለእንቅልፍ ቢሰጣት አይፈረድበትም። ግን ከዚያ ወበቅ ወጥቶ፣ መካን አልፎ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ለነዳ ሰው በብርዱ ወራት ጃኬት የሚያስለብስ ተራራ ይጠብቀዋል። ጣኢፍ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእሷ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሰይሰድ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በምዕራብ በኩል ደግሞ መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ወደ ቲሃማ ቆላ የሚወርድበት የሀዳና የሸፋ ገደል አለ።

የፎቶው ዕቅድ የሚወጣው ከዚህ አቀማመጥ ነው። ገደሉ ፊቱን ወደ ምዕራብ ስላዞረ ጠዋት ጥላ ውስጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ፊት ለፊቱ ትመጣለች። ስለዚህ ጠዋት ፓርኩን፣ ማምሻውን ገደሉን። አብዛኛው ሰው ግልባጩን ያደርጋል፤ ሀዳ ላይ ገና እንደወጣ መኪናውን አቁሞ ግራጫ ጥላ ያነሳና ፓርኩ ሲደርስ ቀትር ሆኗል።

1. ወረቀታችሁን አስተካክሉ

ኢቃማ፣ መንጃ ፈቃድና ኢስቲማራ በእጃችሁ ይኑሩ፤ መንገዱ ላይ ኬላ አለ። መኪናው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ባለቤቱ በአብሸር በኩል የመንዳት ውክልና ይስጣችሁ። ኢቃማው ጊዜው ያለፈበት ሰው አብሮ ይሂድ አይባልም። ጨዋታው ቢያምርም ኬላ ላይ የሚጠፋው የእሱ ኑሮ ነው።

2. መንገዳችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ምረጡ

ከጅዳ መካ 80 ኪሎ ሜትር፣ ከመካ ጣኢፍ በሀዳ በኩል ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው። መካ የተፈቀደችው ለሙስሊም ብቻ ስለሆነ ክርስቲያን የሆናችሁ ከሐረሙ ክልል ውጭ የሚዞረውን መንገድ ያዙ። ሰሌዳው መገንጠያውን ያሳያል፤ የስልኩ ካርታ ግን አጭሩን መንገድ ፈልጎ በቀጥታ ወደ ከተማው ሊመራችሁ ይችላል። በአንድ መኪና ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ካላችሁ ሁላችሁም በዙሪያው ሂዱ፤ ጓደኛን መገንጠያ ላይ አውርዶ የሚቀጠል ሽርሽር የለም። ሐጅ ሲቃረብ ደግሞ ሙስሊሙም ቢሆን ያለ ፈቃድ ወደ መካ ስለማይገባ በዚያ ወቅት ዙሪያውን መያዝ ይሻላል።

ሲመለሱ ዑምራ ለማድረግ ያሰቡ ኢሕራም የሚይዙት ሀዳ አጠገብ ባለው ወዲ ሙሕሪም ወይም በሰይል አል ከቢር ነው። ካሜራውንና ኢሕራሙን በየሻንጣው ለይታችሁ ጫኑ።

3. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ውጡ

ስልኩ 4፡30 የሚለው ማለቴ ነው። ሲመሽ ስልክና ካሜራ ቻርጅ አድርጉ፤ ውኃ፣ ጃኬት፣ ሌንስ የሚጠረግበት ንጹሕ ጨርቅ ያዙ። ስልካችሁን ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት፤ ፀሐይ ካገኘው ግሎ ካሜራው እምቢ ይላል። ለወቅቱ እኔ የምመርጠው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለውን ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የጣኢፍ ጽጌረዳ ይለቀማል፤ የሚለቀመውም ጎህ ሲቀድ ነው። በሙቀቱ ወራት ግን ግማሽ ጅዳ ወደዚያው ስለሚሸሽ ከዛፍ ይልቅ መኪና ታነሳላችሁ።

4. አቀበቱን በትዕግሥት

የሀዳ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተ፣ በንጉሥ ፈይሰል ዘመን ሙሐመድ ቢን ላደን የሠራው ነው። የመንገዱን መሥመር ለማግኘት አህያ ወደ ገደሉ ለቆ ከኋላ ተከተላት ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ኩርባውን የወጣ ሰው አህያዋ ቸኩላ እንዳልነበር ያምናል። ከባድ መኪና ስለማይፈቀድበት ጥሩ መንገድ ነው፤ ቢሆንም ዝናብና ጥገና አንዳንዴ ያዘጉታል፤ ያኔ በሰይል አል ከቢር በኩል ትሄዳላችሁ። ኩርባ ላይ ለፎቶ አትቁሙ። ለመኪና ማቆሚያ የተዘጋጀ ሰፊ ቦታ ሳታገኙ ካሜራ አታውጡ፤ ሹፌሩማ ጨርሶ ስልክ አይንካ፤ የሳህር ካሜራ እሱንም ያነሳዋል።

5. ሰይሰድ፦ ከግድቡ ጀምሩ

ፓርኩ ዓለታማ ኮረብታ፣ ግራርና ሸለቆ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ በቤተሰብና በጥብስ ጭስ ይሞላል፤ በማለዳ ግን ወፍና ነፋስ ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ አሮጌው ግድብ ሂዱ። ትልልቅ ድንጋይ ያለ ማያያዣ ጭቃ ተነባብሮ የተሠራ ነው። አጠገቡ ባለው ዓለት ላይ በኩፊ ፊደል የተቀረጸው ጽሑፍ ግድቡ የምእመናን አዛዥ የሙዓዊያ መሆኑን፣ የሠራውም ዐብደላህ ኢብን ሰኽር መሆኑን፣ ዓመቱም 58 ሂጅራ መሆኑን ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. 677 አካባቢ ማለት ነው። የፊደል ታሪክ ለሚወድ ሰው ትልቁ ነገር ነጥቦቹ ናቸው። በዚያ ዘመን አረብኛ ብዙውን ጊዜ ያለ ነጥብ ይጻፍ ነበርና፣ እዚህ ድንጋይ ላይ ብዙዎቹ ፊደላት ነጥባቸውን ይዘው መገኘታቸው ምሁራንን ሲያነጋግር ኖሯል።

የድንጋይ ጽሑፍ ፊት ለፊት በሚመጣ ብርሃን አይነበብም፤ በፍላሽ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ብርሃኑ ከጎን ተንሸራቶ ሲመጣ እያንዳንዱ ጭረት ጥላ ይጥላል፤ ይህ የሚሆነው ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው። ስልኩን ከዓለቱ ጋር ትይዩ አድርጉ፤ ካዘነበላችሁት ፊደሉ ይጣመማል። ጽሑፉ እንዲጎላ ብላችሁ ውኃ አታፍስሱበት፣ ኖራም አትቀቡት፣ በጣትም አትዳስሱት። ግድቡን በሙሉ ስታነሱ አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም፤ ያለዚያ ቁመቱ አይታወቅም። ሰማዩ ከጠቆረ ወደ ሸለቆው አትውረዱ፤ ጎርፉ የሚመጣው እናንተ ያላያችሁት ዝናብ ከጣለበት ላይኛው አገር ነው።

6. ሰው ስታነሱ

በሳዑዲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለው የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ በካሜራ ስልክ የሰውን ገመና መድፈርን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ያስቀጣል። ምንጣፍ ዘርግቶ የተቀመጠ ቤተሰብ በፎቷችሁ ጥግ ከገባ ቦታ ቀይሩ። ወታደራዊና የመንግሥት ግቢ አታንሱ፤ ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ።

7. ቀትር ላይ ካሜራውን መልሱት

የቀትር ብርሃን ሁሉን ያነጣዋል። የጁምዓ ሰላት ሰዓት ብዙ ሱቅም ስለሚዘጋ፣ ምሳና ቡና የሚሆነው ያኔ ነው። እሳት በተፈቀደበት ቦታ ብቻ፤ ከዛፍ ሥር ከሰል አይነድም። በሙቀቱ ወራት መንገድ ዳር በርሹሚ እያሉ የሚሸጡትን ፍሬ ስታዩ አትደነቁ፤ በለስ ነው። ሻጩ ይላጥላችሁ፤ እሾሁ ካሜራ የሚይዘውን ጣት ይገባና ቀኑ ያልቃል።

8. ማምሻው፦ ዝንጀሮና ጥድ

ሀዳ ላይ መንገድ ዳር የምታዩት ዝንጀሮ አዋሽ ፓርክ ካለው ነጭ ጎፈሬ ዝንጀሮ ጋር አንድ ዘር ነው። ጭላዳ እንዳይመስላችሁ፤ ጭላዳ ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ አለው፣ ከኢትዮጵያም አይወጣም። ምግብ አትስጡ። ሰው ያበላው ዝንጀሮ በመስኮት እጁን ይሰዳል፤ መኪና ለምዶም መንገድ ላይ ይገጫል። መስኮት ዘግታችሁ ጠብቁ፤ መንጋው ሲለምዳችሁ በጎን በኩል ከዓይኑ ቁመት እኩል አንሱት። የወንዱ ጎፈሬ ነጭ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ጎፈሬውን ነክታችሁ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ፤ ካልቀነሳችሁ ወረቀት ይመስላል።

ጊዜ ካላችሁ ሀዳን ለሌላ ቀን ትታችሁ ሸፋን ምረጡ። ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው ጥድ የእኛው የሐበሻ ጥድ ነው፤ እንጦጦ ላይ ያለው ዓይነት። ጥዱን ከፊት፣ እየደበዘዘ የሚሄደውን ተራራ ከኋላ አድርጉ፤ ደጋግሞ የተነባበረው ሰማያዊ ሸንተረር ፎቶውን ይሠራዋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ 20 ደቂቃ ቆዩ፤ ሌላው ሰው ሞተር ሲያስነሳ ሰማዩ ገና መቅላቱ ነው።

9. ስትወርዱ

በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬኑን ይዞ የሚወርድ ሰው ከታች ሲደርስ የፍሬኑ ሽታ ይነግረዋል። ጉም ካለ አንዱ መኪና ሌላውን አይቅደም፤ ሹፌሩ ከደከመው ደግሞ ጣኢፍ አድራችሁ ቅዳሜ ማለዳ ውረዱ። ጅዳ ስትደርሱ ካሜራውን ከቀዘቀዘ መኪና ወዲያው አታውጡት፤ ወበቁ ሌንሱ ላይ ላብ ያወጣበታል። ሻንጣው ውስጥ እንዳለ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ለእናታችሁ ፎቶ በዋትስአፕ ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ሰነድ ላኩት፤ ያኔ ጥዱ ከነቅጠሉ ይደርሳል።