ከኦሬንጅ ፋርም ተነሥቶ ስኩባ መማር

ኦሬንጅ ፋርም በሚባለው የጋውቴንግ ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ (ትንሽ ሱቅ) ከፍቶ የሚኖር ሐበሻ ባሕር የሚያየው ደርባን ሲወርድ ነው፤ ያውም ከዳር ሆኖ። ስኩባ (አየር ይዞ ውኃ ውስጥ መጥለቅ) ለመጀመር ግን የግድ ባሕር መውረድ አያስፈልግም። ከሎኬሽኑ በስተምሥራቅ፣ ሄንሊ ኦን ክሊፕ አጠገብ፣ ባስ ሌክ የሚባል ውኃ የሞላው አሮጌ የድንጋይ ካባ አለ። ብዙ የጋውቴንግ ጠላቂዎች የሚሠለጥኑት እዚያ ነው። ስኩባ ጉልበት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ዝግታ ነው። ከንጋት እስከ ምሽት ቆሞ የሚሸጥ፣ ዕቃ ለመጫን የሚሯሯጥ ሰው በመጀመሪያ መልመድ ያለበት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ዋና

ዋና ካልቻሉ በዚህ ይጀምሩ። ለመጀመሪያው የምስክር ወረቀት ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘትና 10 ደቂቃ ውኃ ላይ መቆየት ነው። የሰዓት ገደብ የለውም፤ ማንም አይሽቀዳደምም። ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር ያደጉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጭንቅላታቸውን ከውኃ አውጥተው በፍጥነት ይዋኛሉ፤ ያ ቶሎ ያደክማል። ፊትን ውኃ ውስጥ አግብቶ ቀስ ብሎ መተንፈስን ገንዳ ውስጥ ይለማመዱ። በኋላ የሚጠቅምዎ ከክንድዎ ጥንካሬ ይልቅ ይህ ነው።

ጤና

ትምህርት ቤቱ ከትምህርቱ በፊት የጤና መጠይቅ ይሰጥዎታል። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሳንባ ችግር፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ቀዶ ጥገና ካለ አይደብቁ። አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ሐኪም አይቶ እንዲፈርም ሊጠየቁ ይችላሉ። ጉንፋን ሲይዝዎ ደግሞ ቀጠሮውን ያራዝሙ፤ የታፈነ አፍንጫ ይዞ መጥለቅ ጆሮን ይጎዳል።

ትምህርት ቤት መምረጥ

ፓዲ፣ ናዊ እና ኤስኤስአይ ከሚባሉት ድርጅቶች የአንዱ ካርድ ያለው አሠልጣኝ ይፈልጉ። ዋጋ ሲጠይቁ መጽሐፉ፣ የዕቃ ኪራዩ፣ የሐይቁ መግቢያና የባሕሩ ጉዞ ይካተት እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ። አንድ አሠልጣኝ ስንት ተማሪ እንደሚይዝም ይወቁ፤ እኔ ከአራት በላይ ከሆነ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ኮርስ የንባብ ክፍል፣ የገንዳ ልምምድና ከገንዳ ውጭ አራት ጊዜ መጥለቅ አለው። ሲጨርሱ እስከ 18 ሜትር መውረድ ይፈቀድልዎታል። እንግሊዝኛ አስቸጋሪ ቢሆንብዎ አይፈሩ፤ ውኃ ውስጥ የሚነጋገሩት በእጅ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ክብ ሲሠሩ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። አውራ ጣትን ወደ ላይ መቀሰር ግን «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ስለሆነ፣ እንደ ልማድዎ «ጥሩ ነው» ለማለት አይጠቀሙበት።

ገንዳ ውስጥ

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ንጹሕ ኦክስጅን ሳይሆን የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፤ ተጨምቆ ነው የተሞላው። 12 ሊትር የሚይዘው ሲሊንደር 200 ባር ሲሞላ ወደ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ያን አየር የሚያቀርብልዎት ሬጉሌተር የሚባለው፣ በአፍ የሚነከሰው ዕቃ ነው። የመጀመሪያው እስትንፋስ ከባድ ነው። ፊት ውኃ ውስጥ ሲገባ አእምሮ «አትተንፍስ» ይላል፤ አየሩ እየመጣ እንኳ ደረት ይጨንቃል። ይህ ፍርሃት በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ስለሆነ አይደንግጡ። መድኃኒቱ አየር ማስወጣትን ማርዘም ነው፦ ቀስ ብለው ያስገቡ፣ ከዚያ የበለጠ ቀስ ብለው ያስወጡ። ጭንቀት ሲመጣ ወደ ላይ አይፈትለኩ፤ ባሉበት ቆመው ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ይተንፍሱ።

ከሁሉም የሚበልጠው ሕግ እስትንፋስን ፈጽሞ አለመያዝ ነው። አሥር ሜትር ላይ ያለው ግፊት ላይኛው የባሕር ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ ሳንባዎን ሞልተው፣ እስትንፋስ ይዘው ቢወጡ አየሩ እጥፍ ይሆናል፤ ሳንባም ይቀደዳል። ይህ በገንዳም ሊደርስ ይችላል።

ማስክ ሲመርጡ ማሰሪያውን ሳያስሩ ፊትዎ ላይ አድርገው በአፍንጫ ይሳቡ፤ ሳይወድቅ ከቆመ ልክዎ ነው። ማስኩ ውስጥ ውኃ አስገብቶ በአፍንጫ እየነፉ ማስወጣትን እስኪሰለችዎ ይለማመዱ። ብዙ ጀማሪ ኮርሱን የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው።

ጆሮ

ሲወርዱ አፍንጫዎን ይዘው በቀስታ ይንፉ፤ ሕመም ከመጀመሩ በፊት፣ በየሜትሩ። ካልተከፈተ አንድ ሜትር ወደ ላይ ተመልሰው ይሞክሩ። በኃይል መንፋት ታምቡሩን ሊቀድደው ይችላል።

ወደ ባስ ሌክ

እዚህ ያለው ውኃ እንደ ባሕር ጥርት ያለ አይደለም፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ይበርዳል። ወፍራም ዌትሱት (የመጥለቂያ ልብስ) ይጠይቁ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,450 ሜትር ስለሆነ የጥልቀትና የጊዜ ስሌቱ ከባሕር ይለያል። ከ300 ሜትር በላይ ያለ ውኃ ሁሉ የከፍታ ስሌት ያስፈልገዋል፤ አሠልጣኙ ይህን ሳይነግርዎ ከቀረ እርስዎ ይጠይቁት።

ወደ ሶድዋና

የባሕሩን ክፍል ብዙዎች የሚጨርሱት ኩዋዙሉ ናታል ውስጥ፣ ኢሲማንጋሊሶ ፓርክ ውስጥ ባለው ሶድዋና ቤይ ነው። ፓርኩ በፈረንጆች 1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከባሕር ዳር በጎማ ጀልባ ማዕበሉን ሰብረው ይወጣሉ፤ የጀልባው መሪ «ያዙ» ሲል በሁለት እጅ ይያዙ፣ እግርዎንም በማሰሪያው ያስገቡ። ቱ ማይል የሚባለው ሪፍ ለጀማሪ የሚመች ነው። በፈረንጆች 2000 ዓ.ም.፣ ጠፍቷል ሲባል ኖሮ በፈረንጆች 1938 የተገኘውን ሲላካንት የተባለውን ጥንታዊ ዓሣ ጠላቂዎች በዚሁ ባሕር 104 ሜትር ላይ አዩት። ሊቀርጹት ከተመለሱት አንዱ ራሱን የሳተ ጓደኛውን ይዞ ሳያቆም ወደ ላይ ወጣና ሕይወቱ አለፈ። ከ18 ሜትርም ቢሆን ቀስ ብለው ይውጡ፣ አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ይቁሙ። 50 ባር ሲቀርዎት ውኃው ላይ መሆን አለብዎት።

መመለሻው

ውኃ ውስጥ ስንቆይ ናይትሮጅን ደማችን ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስ፣ ተንጦ እንደተከፈተ ኮካ፣ አረፋ ይሆናል። ይህ ደግሞ የኦሬንጅ ፋርም ሰው ልዩ ጉዳይ ነው፦ ከሶድዋና ሲመለሱ መንገዱ ኤርሜሎ ላይ ወደ 1,700 ሜትር ይወጣል። መኪናው ሲወጣ እርስዎም ግፊት እየቀነሱ ነው። ለአውሮፕላን የተመከረው አንድ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። ለተራራ መንገድም ይህንኑ ይያዙ። እሑድ ረፋድ ከጠለቁ፣ እዚያው አድረው ሰኞ ይመለሱ። «ሱቁ ማን ይከፍታል» ብለው በሌሊት አይነዱ። ጉዞውን በወሩ አጋማሽ ያድርጉት፤ የወር መጨረሻና የሳሳ (የመንግሥት ድጎማ) ክፍያ ቀናት ሱቅ የሚተዉባቸው አይደሉም። የጥገኝነት ወረቀት የያዙ ደግሞ ከመነሣትዎ በፊት የጂፒኤሱን መንገድ ይመልከቱ፤ በኢስዋቲኒ በኩል የሚያቋርጥ ከሆነ፣ የአገር ድንበር እንዳይሻገሩ በፒየት ሪቲፍ በኩል ያድርጉት።

ከተመለሱ በኋላ መገጣጠሚያዎን ቢያምዎ፣ እጅ እግርዎ ቢደነዝዝ፣ ቢያዞርዎ ወይም ያለ ምክንያት ከባድ ድካም ቢሰማዎ «ጭነት አንሥቼ ነው» ብለው አይተኙ። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ጠላቂዎችን በድንገተኛ ጊዜ የሚረዳውን የዳን ሳውዘርን አፍሪካን የ24 ሰዓት ስልክ ከጉዞው በፊት ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፣ ምልክቱ ሲመጣ ይደውሉ። ኦሬንጅ ፋርም ያለው ስትሬትፎርድ ጤና ጣቢያ ከሄዱ ለነርሷ በመጀመሪያው ቃል ባሕር ውስጥ ጠልቀው እንደነበር ይንገሯት፣ ኦክስጅንም እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።