ምዕራፍ ሰባት፦ ባለሱቋ በሌሉበት ቀን

ጎንደር ከጥር 10 እስከ 12 ለመሸጥ ሙያ አይጠይቅም። አልጋ ይጠፋል፣ እንግዳው ዘመድ ቤት ወለል ላይ ይነጠፍለታል፣ ነጠላውም ጠላውም ራሱን ይሸጣል። አንድ ቤት የሽያጭ ባህል እንዳለው የሚታወቀው በሐምሌ ነው፤ ዝናቡ መንገዱን ጭር ሲያደርገው፣ ባለቤቱም ለለቅሶ አርማጭሆ ሲወርድ።

ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አንድ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ ያስቡ። ባለሱቋ ጣሳውን እስኪቆለል ይሞላሉ፤ ከረጢቱ ውስጥ ካፈሰሱት በኋላ አንድ ጭብጥ ይጨምራሉ፦ ምርቃት። እየሰፈሩ «ልጅሽ ተሻላት?» ይላሉ። እሳቸው በሌሉ ቀን የእህታቸው ልጅ ትቆማለች። ጣሳውን ሞልታ አፉን በመዳፏ ትጠርገዋለች፤ ከረጢቱን አስራ ታቀብላለች፤ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው። ደንበኛዋ ከረጢቱን በእጇ መዘን አድርጋ፣ «እትዬ የሉም እንዴ?» ትላለች።

«የሉም።»

«በይ፣ ቆይቼ እመለሳለሁ።»

አትመለስም። ልጅቷ አላጠፋችም። ጣሳው ይቆለል፣ ይጠረግ የነገራት የለም። ምርቃቱ በአክስቷ እጅ ብቻ ያለ ነገር ነው። ብዙ የጎንደር ነጋዴ ይህን በኩራት ይናገራል፤ «ሰው የሚመጣው እኔን ብሎ ነው» ይላል። እውነት ነው። ለዚህም ነው ሲታመም ሱቁ አብሮት የሚታመመው።

ድሮ ግን ጎንደር ባለቤት በሌለበት መነገድን ታውቅበት ነበር። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 ባስደረጉት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የርስት መሬት ስላልነበራቸው ንግዱን መተዳደሪያ አደረጉት፤ የሲራራ ጉዟቸውም እስከ ምጽዋና ስናር ደረሰ። ነገሥታቱ ራሳቸው በወኪል ይነግዱ ነበር። ሖጃ ሙራድ የተባለው አርመናዊ እስከ ህንድና እስከ ባታቪያ፣ ማለት እስከ ዛሬዋ ጃካርታ፣ ተልኳል። እንዲህ ያለ ወኪል ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ከጌታው ዓይን ይርቃል። በየቀኑ እየደወሉ የሚጠይቁት አይደለም፤ ምን መስጠት፣ ምን መከልከል እንዳለበት አስቀድሞ አውቆ መውጣት ነበረበት።

ዛሬ ለዚህ ነገር የተሻለ ትምህርት የማገኘው ደባርቅ ላይ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክን ሊያይ የመጣ እንግዳ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ይመዘገባል፣ ይከፍላል። ከዚያ አስጎብኚው፣ ጠመንጃ ያነገተው ስካውት፣ ባለበቅሎው ይመደቡለታል፤ ሥራው በተራ ነው። ተራው ትልቅ ጥቅም አለው፤ እንግዳውን እጁን ይዞ የሚጎትት አይኖርም። ጉዳቱም ያው ተራው ነው። ሳንቃበር ላይ ድንኳኑን በደስታ የተከለውም፣ ጨነቅ ላይ ፊቱን አጥቁሮ ጭነት የወረወረውም ተራቸው እኩል ይደርሳል። እንግዳው አገሩ ሲገባ ደግሞ የባለበቅሎውን ስም አያነሳም፤ የሚያማው ተራሮቹን ነው። እኔ ብሆን በስሙ ተፈልጎ የተጠራ ሰው ከተራው ውጭ እንዲወጣ እፈቅድ ነበር። ወረፋ የጠበቀው ያኮርፍ ይሆናል፤ ያኩርፍ።

ሱቅም እንደዚሁ ነው። ለእያንዳንዱ ሻጭ በሸጠው ልክ ኮሚሽን ብቻ ከከፈሉ ደንበኛ ይነጣጠቃሉ፤ ሁሉንም በደሞዝ ብቻ ካሳደሩ ደግሞ ደንበኛ ሲገባ የሚነሳ ይጠፋል። የወሩን ትርፍ ከፊል ለሁሉም በጋራ፣ ከፊሉን ደንበኛ በስሙ ለሚጠይቀው ሠራተኛ መስጠት ይሻላል።

ምርቃቱንም ይወስኑት። ይህን ስል ሽማግሌ ነጋዴዎች «የተወሰነ ምርቃት ምኑ ምርቃት ነው!» ብለው ይቆጣሉ። እኔ የምለው ትንሹ ይወሰን ነው፤ ከዚያ በላይ እጅዎ የፈቀደውን ቢጨምሩ ማን ይከለክልዎታል? ጣሳው ይቆለላል፣ አንድ ጭብጥ ይጨመራል፣ ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው፣ ዱቤው ደብተር ላይ ይሰፍራል። አራቱን መስመር ጽፈው ከሚዛኑ በላይ ይለጥፉ።

ከዚያ በመጪው ሳምንት አንድ ማክሰኞ ከሱቅ ይቅሩ። ልጅቷ የማታውቃት ሰው ልከው አንድ ጣሳ በርበሬ ያስገዙ፤ ሐሙስ እርስዎ ባሉበት፣ ለእርስዎም የማትታወቅ ሌላ ሴት ጎረቤትዎ ይላኩልዎ። ሁለቱን ከረጢት ከልጅቷ ጋር ሆነው ሚዛን ላይ ያስቀምጡ። የሐሙሱ የቀለለ እንደሆነም ሳይደብቁ ይንገሯት።