ምች ነው ተብሎ የታለፈ ሩብ ሰዓት

ጥያቄ፦ ጠያቂዋ ሻርጃ፣ ሙዋይለህ የምትኖር የ49 ዓመት እህት ናት። ባለፈው ሳምንት ሳህን ስታጥብ ቀኝ እጇ ዝሎ ሳህኑ ወደቀ፤ አንደበቷም ተሳሰረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቃት። ጓደኞቿ ምች ነው ብለው ከአገር ቤት የመጣ ደረቅ ዳማከሴ አፍልተው አጠጧት። «አሁን ደህና ነኝ። የአንገትሽ ደም ሥር ተዘግቶ ይሆናል የሚሉኝ እውነት ነው?» ትላለች። የግፊት መድኃኒቷን ካቆመች ወራት ሆኗታል።

መልስ፦ «ሊሆን ይችላል። ሳምንት ሙሉ ምን ትጠብቂያለሽ? ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ» ይላሉ ሐኪሙ። ይህን መሰል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሳቸዋል፤ የሚያስጨንቃቸውም «ለቀቀኝ» የሚለው መጽናኛ ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆንም ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ የሚያጠራቅመው ግን የለውም። ደም የሚያደርሱለት አራት ሥሮች ግርጌው ላይ ስለሚገናኙ፣ ከአንገት ሥሮቹ አንዱ ቀስ በቀስ ቢዘጋ በሌሎቹ ተደግፎ ሳይታወቀው የሚኖር ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ከጠበበው ቦታ ተገንጥሎ ሽቅብ የሚሄደው የረጋ ደም ነው። ከግራው ሥር ከተነሳ ቀኝ እጅና ንግግር ይያዛል። አንድ ዓይን መጋረጃ እንደወረደበት ጨልሞ ቢመለስም ያው ነው።

ሐኪሙ ከዳማከሴ ጋር ጠብ የላቸውም፤ ጉንፋን ሲይዝ ይጠጣ። የረጋ ደም ግን አያሟሟም። ምልክቱ ጠፋ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም፤ ዋናው ስትሮክ ሊከተል የሚችልበት ስጋት ከሁሉ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ምልክት ያሳየው ሥር በአልትራሳውንድ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ጠብቦ ከተገኘ በቀዶ ጥገና ይጠረጋል፤ ያም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሠራ ይበልጥ ይጠቅማል።

«የረጋው ደም እንዳይገነጠል ወጌሻ አንገትሽን እንዳያሽ» ይላሉ።

መድኃኒት ማቋረጡ ሐኪሙን ያስቆጣቸዋል። «እህቴ፣ ግፊት ስላላመመሽ ተሻለሽ ማለት አይደለም። ኪኒኑን እየዋጥሽ ስለነበር ነው ልኬቱ የወረደው። የኮሌስትሮል ኪኒንም እንዲሁ ነው፤ ጾም ገባ ተብሎ አይተውም፣ ሰዓቱን ከሐኪምሽ ጋር አስተካክዪ። አስፕሪንም ከራስሽ አትጀምሪ፤ አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስም ምልክቱ ይመሳሰላል፣ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው።»

ወጪውን ፈርታ ከሆነም ኢንሹራንሷን ትጠይቅ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሻርጃና በአጅማን ለግል ድርጅትና ለቤት ሠራተኛ መኖሪያ ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲታደስ አሠሪው የጤና መድን መግባት ግዴታው ነው።

«ምልክቱ ከተመለሰብሽ ታክሲ አትፈልጊ፣ 998 ደውዪ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና፣ የጀመረሽን ሰዓት አብሮሽ ያለው ሰው ይያዘው።»