ጡንቻ ውስጥ ስለሚደበቅ መግል፦ መራዊ ለተመደበው ወጣት ሐኪም

ልጄ፣ መራዊ መመደብህን ሰማሁ። እዚያ ከሚገጥሙህ በሽታዎች አንዱ አታላይ ነውና ይህን ያዝልኝ።

1. ትኩሳትና የጭን ሕመም ይዞ የመጣን ገበሬ ቆዳው አልቀላም ብለህ አትመልሰው። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ጡንቻው እንደ እንጨት ይጠጥራል እንጂ ብዙ ጊዜ መግል አይቋጥርም። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ወጌሻ ጋ ታሽቶ ይመጣል። ወጌሻውን አትንቀፍ፤ የሚያተኩስ እብጠት እንደማይታሽ ግን አስረዳ።

2. እግሩን አጥፎ የተኛ፣ ሲዘረጉለት የሚጮህ በሽተኛ ካየህ ከወገብ አከርካሪ ወደ ጭን የሚወርደውን የሶአስ ጡንቻ ጠርጥር። ትኩሳት፣ የወገብ ሕመምና ማነከስ አብረው የሚገኙት በጥቂቶች ላይ ነው፤ ሦስቱ እስኪሟሉ አትጠብቅ። በቀኝ በኩል ሲሆን ትርፍ አንጀት ይመስላል። አልትራሳውንዱ ምንም ሳያሳይ ጥርጣሬህ ካልለቀቀህ ባሕር ዳር ላከውና ሲቲ ስካን ይነሣ። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

3. የቋጠረ መግል መውጣት አለበት፤ መድኃኒት ብቻውን አያደርቀውም። አብዛኛውን ጊዜ ጀርሙ ስታፊሎኮከስ ነው፤ ክሎክሳሲሊን ጀምር። መግሉን ግን አትድፋው፤ ለላቦራቶሪ ላከው፣ ቲቢም ይመርመር። የአከርካሪ ቲቢ ሳያሳስል፣ ሳያተኩስም ሶአስ ውስጥ መግል ይሞላል። ስኳርንና ኤችአይቪንም መመርመር አትዘንጋ።

4. አሁን ከሁሉ ይልቅ የማስጠነቅቅህ ነገር። ሆዱ ወይም ብሽሽቱ ላይ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ያለውን ሰው፣ ይልቁንም ውጭ አገር ታክሞ የመጣውን፣ ሰው ሠራሽ የደም ሥር ገብቶለት እንደሆነ ጠይቅ። ቀዶ ጥገናው ካለፈ ከዓመታት በኋላም ሥሩ ሊመረቅዝና መግሉ ወደ አጠገቡ ጡንቻ ሊዘልቅ ይችላል። ጀርሙ በሥሩ ላይ ተለጥፎ ይኖራል፣ መድኃኒቱም በበቂ ሁኔታ አይደርስበትም። ስለዚህ መግሉን ብታወጣም ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ሥሩ ራሱ ወጥቶ ለደሙ ሌላ መተላለፊያ መሠራት አለበት፤ መድኃኒቱም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀጥላል። በሽተኛው ደም ካስመለሰ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሥሩ አንጀት በስቶ ሊሆን ይችላልና አትዘግይ። ከልብ ምት ጋር አብሮ የሚመታ እብጠት ላይ መርፌ እንዳትሰካ! የደም ናሙና ለካልቸር ውሰድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ጀምር፣ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ላክ።

5. በሪፈር ወረቀቱ ላይ «የወገብ ሕመም» ብለህ ብቻ አትጻፍ። ጠባሳውን፣ የጠረጠርከውን፣ የሰጠኸውን መድኃኒትና የጀመርክበትን ሰዓት ጻፍ፤ ተቀባዩ ሐኪም ሌሊቱን የሚመራው በዚያ ነው።