ስለ አሮጌ የሽጉጥ ካዝና፤ ዋጋውንና ታማኝነቱን ስለ መመርመር

ዕቃ በማርጀቱ ብቻ አይናቅም፤ በስሙ ታላቅነት ብቻም አይታመንም። በቤት ዕቃ ግምት ላይ ስሕተት ቢደርስ ጉዳቱ የገንዘብ ነው፤ በመሣሪያ ላይ ቢደርስ ግን ጉዳቱ የሕይወት ይሆናል። ስለዚህ ለከተማችን ነዋሪዎችና መሣሪያ ለሚመዘግቡ ሹማምንት ይጠቅም ዘንድ ስለ ሽጉጥ ካዝና ጥቂት እንጽፋለን። ካዝና የምንለው፥ አንዳንዱ ሰው ካርታ የሚለው፥ ጥይት ተደርድሮ የሚገባበትንና በሽጉጡ እጀታ ውስጥ የሚሰካውን የብረት ቤት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው በጂቡቲ ከተማ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ያየሁት ነገር ነው። በዚያ የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ሥራ የፈጸሙ አንድ አረጋዊ ወገናችን ከሣጥናቸው በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ካዝና አወጡ። ሽጉጡ ከብዙ ዘመን በፊት ለመንግሥት ገቢ ሆኖ ካዝናው ብቻ ተረስቶ ቀርቷል። የወንድማቸው ልጅ፦ «የፈረንሳይ ጦር ዕቃ ስለ ሆነ አይከዳም፤ ድሬዳዋ በዘበኝነት የሚሠራ ወዳጄ ተመሳሳይ ሽጉጥ አለውና ይገዛኛል» አለ። አረጋዊውም ወደ እኔ ዘወር ብለው፦ «ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህና እስቲ መርምረህ ንገረን፤ የሰው ደም በአንገቴ እንዲሆን አልሻም» አሉኝ።

የጂቡቲ ጠረፍ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነጋዴ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1886 ከታጁራ ተነሥቶ ከ2,000 የሚበልጥ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ በ1887 ሸዋ ደረሰ። ጠመንጃው ግን የአውሮፓ ሠራዊት የተወው አሮጌ ዓይነት ነበር። ንጉሥ ምኒልክም እርሱ በተመኘው ዋጋ ሳይሆን እጅግ ዝቅ ባለ ዋጋ ገዙት። ከዚህ የምንማረው፥ ዐዋቂ ገዥ የሚከፍለው ለዕቃው ዝና ሳይሆን ዕቃው ለሚሰጠው አገልግሎት መሆኑን ነው።

አሁን ወደ አረጋዊው ካዝና እንመለስ። በግርጌው ሁለት የላቲን ፊደላት ተቀርጸውበታል። ይህ ምልክት ሩቢ የሚባለውን ሽጉጥ ያስታውሳል። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1915፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ሽጉጥ ስላነሰው በስፓኝ አገር ጋቢሎንዶ ለተባለው ፋብሪካ ትእዛዝ ሰጠ። አንዱ ፋብሪካ ብቻውን ስላልቻለ በኤይባር ከተማና በአካባቢው ያሉ ብዙ ፋብሪካዎች በሥራው ገቡ። ሽጉጦቹ በመልክ እጅግ ቢመሳሰሉም ልካቸው ፈጽሞ አንድ አልነበረም፤ የአንዱም ካዝና በሌላው ብዙ ጊዜ አይሠራም። ፊደላቱ የተቀረጹትም የትኛው ካዝና የትኛው ሽጉጥ እንደ ሆነ ለመለየት ነው። እንግዲህ «የፈረንሳይ ስለ ሆነ ይገባል» ማለት ብቻ አይበቃም።

ካዝና የሚመረምር ሰው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይያዝ።

1ኛ፤ አስቀድሞ ጥይት እንደሌለበት ያረጋግጥ። ካዝናው ከሽጉጡ ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ አንድ ጥይት ጐርሶ ሊቀር ይችላል። አንዳንድ ሽጉጥ ካዝናው ሲወጣ እንዳይተኩስ የሚከለክል መቈለፊያ ቢኖረውም ብዙው የለውም። በዚህ ስሕተት ሰው በገዛ ቤቱ ልጁን ሊያጣ ይችላል።

2ኛ፤ ከንፈሩን ይመልከት። ከንፈር የምንለው ጥይቱን ከላይ የሚይዙትን ሁለት የታጠፉ ጠርዞች ነው። ከተዛቡ፥ ከተሰነጠቁ ወይም አንዱ ከሌላው ከፍ ካለ ጥይቱ ጠሞ ይወጣና መሣሪያው ይነክሳል። በመዶሻ የተቃና ከንፈር የማይታመን ነው።

3ኛ፤ ሞላውን ይፈትን። ጥይቱን የሚገፋው ሰሌዳ በእንጨት ሲጫኑት ሳይያዝ ወርዶ ሳይዘገይ መመለስ አለበት። ሞላን የሚያደክመው ተሞልቶ መቀመጡ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ደጋግሞ መታመቁና ዝገቱ ነው። እንደ ጂቡቲ ባለ የባሕር ጨው ባለበት አገር ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል፤ በውጭ የሚያብረቀርቅ ካዝና በውስጡ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። ዘይትም ሲበዛ የኸምሲን ነፋስ የሚያመጣውን አቧራ ይሰበስባል።

4ኛ፤ የጥይቱን ዓይነት ይለይ። ጣሊያኖች ይዘውት የመጡት የ1934ቱ ቤሬታ 7 ጥይት የ9 ሚሊ ሜትር አጭሩን ሲይዝ፥ እጅግ የሚመስለው የ1935ቱ ቤሬታ 8 ጥይት የ7.65 ይይዛል። ማካሮቭም 9 ሚሊ ሜትር ይባላል፤ ፓራቤለምም እንዲሁ። ነገር ግን የሦስቱ «ዘጠኝ» ጥይት ርዝመት የተለያየ ነው። በስም መስማማት በልክ መስማማት አይደለም።

5ኛ፤ የመጨረሻው ፈተና ተኵስ ነው፤ እርሱም ሕግ በፈቀደው የተኵስ ሜዳ በባለሙያ እጅ ይደረግ። አንድ ጊዜ መልካም መሥራቱ ምስክር አይሆንም። ደጋግሞ ሳይነክስ ካልሠራ ለጥበቃ ሥራ አይሰጥ።

ስለ ዋጋ ደግሞ ሌላ ሚዛን አለ። ለጥበቃ የሚፈለግ ካዝና የሚገመተው በሥራው ነው፤ ለቅርስ ሰብሳቢ ግን በታሪኩ ነው። የጀርመኑ ሉገር ሽጉጥ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በጀርመን ጦር በሉገሩ ካዝና ግርጌ የሽጉጡ ቍጥር ይቀረጽ ነበር፤ በመለዋወጫው ላይም የመደመር ምልክት ይጨመር ነበር። የቀድሞው ግርጌ የእንጨት ሲሆን በኋላ የአሉሚኒየም ሆነ። ቍጥሩ ከሽጉጡ ጋር የሚስማማ ካዝና በሰብሳቢዎች ዘንድ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት ፍቆ አዲስ ለማስመሰል የሚሞክር ሰው ምልክቱን አጥፍቶ ዋጋውን በገዛ እጁ ይቀንሳል። ስለዚህ ውድ የሆነው ሁሉ የታመነ፥ የታመነውም ሁሉ ውድ አይደለም።

የአረጋዊውን ካዝና በዚህ መንገድ ስንመረምረው አንደኛው ከንፈር ተሰንጥቆ፥ ሞላውም በዝገት ተይዞ ተገኘ። የወንድማቸውን ልጅም፦ «ወዳጅህ በሌሊት ሌባ ቢመጣበት ሁለተኛው ጥይት ባይወጣለት ምን ትለዋለህ?» ብለው ጠየቁት፤ ልጁም ዝም አለ። ካዝናውም ሳይሸጥ፥ ድንበርም ሳይሻገር በዚያው ለፖሊስ ተሰጠ።

በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንና መነገድን ይከለክላል። ስለዚህ ከአባቱ ሣጥን ካዝና ወይም ጥይት ያገኘ ሰው ደላላ ከመፈለጉ በፊት በአቅራቢያው ያለውን የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። መዝጋቢ ሹማምንትም የሽጉጡን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የካዝናውን ብዛትና ምልክት ጨምረው ቢጽፉ ኋላ ክርክር ሲነሣ ድካም ይቀንስላቸዋል። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ በማይታመን ካዝና ተማምኖ ዘብ የሚቆም ሰው ሕይወት ግን በገንዘብ አይተመንም።