በእግዚአብሔር ፊት የትኛውን ቦታ እንይዛለን?



በመካነ ሰላምም ሆነ በሳይንት፣ በወግዲም ሆነ በከላላ ወደ ሰርግ ቤት የገባ እንግዳ የሚገጥመውን ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤቱ «ከፍ ይበሉ እንጂ!» ይላል፤ እንግዳው «እዚሁ ይበቃኛል» ብሎ በበሩ አጠገብ ይቀመጣል። «በሞቴ!» ተብሎ ክንዱ ተይዞ እስኪነሣ ድረስ ክርክሩ ይቀጥላል። ይህ አክብሮትና ፍቅር ያለበት መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ልባችንን ብንመረምር፣ ዝቅ ብለን የተቀመጥነው ከፍ እንድንደረግ ብቻ የሆነበት ጊዜ አይጠፋም። ባለቤቱ በሥራ ብዛት ሳያየን ቢያልፍ ቅር ተሰኝተን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። እንግዲያውስ ዝቅታችን የከፍታ መሰላል ኖሯል ማለት ነው።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ግብዣ ቦታ ያስተማረው (ሉቃ. 14፥7-11) የአቀማመጥ ብልሃት አይደለም። ትምህርቱ ወዴት እንደሚያደርስ በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 18፥9-14 ስለ ፈሪሳዊውና ስለ ቀራጩ በተናገረው ምሳሌ ይገለጣል።

በመቅደስ የተሰማ ፉከራ

በአገራችን ጀግና «ዘራፍ!» ብሎ ተነሥቶ ግዳዩን ይቆጥራል። ፉከራ በአደባባይ የራሱ ስፍራ አለው። ፈሪሳዊው ግን ጾሙንና አሥራቱን እንደ ግዳይ እየቆጠረ በመቅደስ ውስጥ ፎከረ። ሐሰት ተናግሯል አልተባለም፤ መጾሙም አሥራት ማውጣቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ በጸሎቱ ውስጥ አንድም ልመና የለም። ያልለመነ ሰው ምን ይሰጠዋል? እጁን በራሱ መልካም ሥራ ሞልቶ ስለ መጣ፣ ጸጋ የሚቀበልበት ባዶ እጅ አልነበረውም። ቀራጩ ግን ምሕረትን ብቻ ለመነ፤ የለመነውንም ይዞ ሄደ።

ስለዚህ ትሕትና ራስን በሐሰት ማንኳሰስ አይደለም። የተማረ ሰው «እኔ ምንም አላውቅም» እያለ ውዳሴ ቢጠብቅ፣ ይህ ልብሱን የለወጠ ትዕቢት ነው። ትሕትና እግዚአብሔር የሰጠንን ሳንክድ፣ ገና የሚጎድለንን ለመለመን መቅረብ ነው።

ከዓባይ ማዶ የተነሡ ምስክር

ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑን ከቦረና ምድር በዓባይ ማዶ፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለዱት ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ናቸው። አንድ ዐይናቸውን በልጅነታቸው ያጡት እኒህ መነኩሴ በዘመናቸው የታወቁ ሊቅ ነበሩ። በዕውቀታቸው ረክተው በክብር መቀመጥ ሲችሉ፣ እውነትን ለመፈለግ ከገዳም ወደ ገዳም እየተጓዙ መጻሕፍትን መረመሩ፤ ሊቃውንትንም ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1841 ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ወደ ግብፅና ወደ ሮም በተጓዙት መልእክተኞች መካከል ነበሩ። በመጀመሪያ በዚህ የባዕድ አገር ካህን ላይ ጥርጣሬ ነበራቸው። ቅዱስ ዩስጢኖስ ግን እንደ አገሩ መነኮሳት በድህነት የሚኖሩ ገር ሰው ነበሩ፤ የሊቁን ልብ ያቀረበውም ከክርክር ይልቅ ይህ የዋህነት ነው።

ገብረ ሚካኤል በ1844 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኑ፤ በ1851፣ በ60 ዓመታቸው ገደማ፣ የቅስና ማዕርግ ተቀበሉ። ለብዙዎች መምህር የነበሩት አረጋዊ እንደገና ደቀ መዝሙር ለመሆን አላፈሩም። በኋላም ስለ እምነታቸው ተገርፈው፣ በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊት ጋር ሲንገላቱ ቆይተው ነሐሴ 28 ቀን 1855 ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናቸውን አወጁ። የዚያን ዘመን ክርክር ዛሬ ለመቀስቀስ አይደለም ይህን ማንሣታችን፤ ከጎረቤቶቻችን ጋር በሰላም መኖር የትሕትና ፍሬ ነውና። የምንማረው፣ ብዙ ያወቀ ሰው እስከ መጨረሻው ጠያቂ ሆኖ መኖሩን ነው።

ለዛሬው ሕይወታችን

ዛሬ ስጦታችን በድምፅ ማጉያ ካልተነገረ፣ ለድሃ የዘረጋነው እጅ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ካልታየ ያደረግነው የጠፋ ይመስለናል። ዓለም ራሱን ያላስተዋወቀን ሰው አያውቀውም። እግዚአብሔር ግን ማንም ያልጠራውን ስም ያውቃል። ሥራ ፈላጊ ችሎታውን በእውነት ቢናገር ኃጢአት የለበትም፤ አደጋው ያንኑ ወረቀት ይዘን በመንበረ ታቦቱ ፊት ስንቆም ነው።

ስለዚህ በዚህ ሩብ ዓመት ሦስት ነገሮችን እንለማመድ፦ ጸሎታችንን በልመና እንጀምር፤ በሳምንት አንድ በጎ ሥራ ማንም ሳያውቅ እናድርግ፤ ከእኛ በዕድሜ ወይም በትምህርት ከሚያንስ ሰው አንድ ነገር ጠይቀን እንማር።

ለውይይት

1. በዚህ ሳምንት ጸሎቴ ውስጥ ከራሴ ጋር ያነጻጸርሁት ሰው ማን ነው?
2. ዝቅ ብዬ ተቀምጬ ማንም ሳያነሣኝ የቀረበት ጊዜ ምን ተሰማኝ?
3. ዛሬ ከእግዚአብሔር የምለምነው፣ በራሴ ልሞላው ያልቻልሁት ጉድለት የትኛው ነው?

ቀራጩን በርቆ እንደ ቆመ የሰማ አምላክ የእኛንም ልመና ይስማን። አሜን።